ወገቤና ሞተሬ ተጣሉብኝ

ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሰው ነኝ፤ ኑሮዬ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ስለሆነ በሳምንት አምስት ቀን በአዘዞ በኩል ወደ ደምቢያ ቀበሌዎች በሞተር እመላለሳለሁ። ሲበዛ ደርሶ መልሱ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዋናውን መንገድ ከለቀቅሁ በኋላ ያለው ጠጠርና መረሬ ነው።

ወገቤን ማመም የጀመረኝ አምና ክረምት ነው። ያኔ ማታ ማታ ብቻ ነበር። አሁን ግማሽ ሰዓት እንደነዳሁ ይጀምረኛል፤ አንዳንዴም ከቀኝ መቀመጫዬ ተነስቶ እስከ ባቴ ይነዝረኛል። ኤምአርአይ ተነስቼ «ዲስክህ ትንሽ ወጥቷል፣ ለኦፕሬሽን የሚያደርስ ግን አይደለም» ተብያለሁ። ዳይክሎፌናክ የዋጥኩ ቀን እነዳለሁ፤ ካልዋጥኩ እቸገራለሁ።

የያዝኩት የመሥሪያ ቤቱን ረጅም የገጠር ሞተር ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63፣ ክብደቴ 62 ኪሎ ነው፤ ሞተሩ ላይ ሆኜ ስቆም መሬት የምነካው በጣቶቼ ጫፍ ነው። መድኃኒቱንና ክትባቱን የምይዘው በጀርባ ቦርሳ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ቦክሰር ግዛና ተገላገል፣ ዝቅ ያለ ነው» ይለኛል፤ ሌላው ስፖርት ቅርጽ ያለው ሞተር ያሳየኛል። የሚቀጥለው ወር ዕቁብ ይደርሰኛል። ባለቤቴ ግን «ገንዘቡ ለጤናህ ይሁን፤ ሞተር የሚባል ነገር አልሰማም» ብላ ተቆጥታለች። ለአለቃዬ አልነገርኩም፤ ለመስክ አይሆንም ብሎ ከቦታዬ እንዳያነሳኝ እፈራለሁ። ሞተሩን መተው ለእኔ ሥራውን መተው ነው። ምን ላድርግ?

ወገቡ የከዳው፣ ከጎንደር

*

ወንድማችን፣ እግዜር ይማርዎ። ከደብዳቤዎ ሁሉ ቀልቤን የያዘው ለአለቃዎ አለመናገርዎ ነው። በወገብዎ ላይ ምን አገባው ይሉ ይሆናል። እንደሚያገባው ወደ ኋላ ያዩታል፤ መጀመሪያ ግን ስለዚያ ወደ ባት ስለሚወርደው ንዝረት እንነጋገር።

ዛሬ ማታ ጫማዎን አውልቀው በተረከዝዎ ብቻ አሥር እርምጃ፣ ከዚያ በጣቶችዎ ጫፍ ብቻ አሥር እርምጃ ይራመዱ። ቀኝ እግርዎ ከግራው እኩል ይቆማል? እኩል ከቆመ መልካም ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ይድገሙት። ቀኙ እየወደቀ ወይም እየደከመ ከመጣ ነርቩ እየተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን አቁመው ሐኪምዎ ዘንድ ይመለሱ። በጭንዎ መካከል፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ፣ መደንዘዝ ከመጣ ወይም ሽንትና ሰገራ አልታዘዝ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መግባት አለብዎ።

ሌላም አለ፤ ይህ በሥራዎ ምክንያት የሚመጣ ነው። ማታ ማታ ያልብዎታል? ትኩሳትስ ይመላለስብዎታል? ክብደትዎ ሳይታወቅ ቀንሷል? ላም የሚያዋልድና ውርጃ የሚነካ ሰው ወገቡን ሲያመው ብሩሴሎሲስ (ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) መታሰብ አለበት፤ አከርካሪንና የዳሌ መገጣጠሚያን ይይዛል። የአከርካሪ ቲቢም እንዲሁ በወገብ ሕመም ተደብቆ ይቆያል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ካለ ሥራዎን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩት፤ ካልነገሩት ላይጠይቅዎ ይችላል።

ዳይክሎፌናክን ለመንዳት ብሎ መዋጥ አልወደድኩትም። ሕመሙ «በቃህ» የሚልዎትን ሰዓት ስለሚያፍን 40 ኪሎ ሜትር ላይ ማረፍ የነበረበት ወገብ 90 ይሄዳል። ለወራት ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል፤ ውኃ ሳይጠጡ በፀሐይ ሲውሉ ደግሞ ኩላሊትን ያስቸግራል። ትራማዶል ወይም ጡንቻ ማፍታቻ ከታዘዘልዎ ደግሞ ያፈዝዛሉና ያን ቀን መንዳት የለም። ወጌሻ ዘንድ ለመሄድ ካሰቡም ቁርጭምጭሚት ለወለቀበት ሌላ ነገር ነው፤ ነርቭ የነካ ዲስክ ግን ተረግጦና ተጠምዝዞ አይመለስም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለው። ወረፋው ቢያሰለችም ኤምአርአዩን ይዘው ይሂዱ። ወደ ኋላ መለጠጥ ይሻልዎ እንደሆነ ወይም ወደ ፊት ማጠፍ፣ አይተው የሚለዩልዎ እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ዕቁቡ ሲወጣ ገና አይግዙ። ወገብዎን የትኛው ነገር እንደሚያምዎ ሳይለዩ ቢገዙ ያንኑ ሕመም ወደ አዲስ ሞተር ያዛውሩታል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ደብተር ይያዙ። ሕመሙ አስፋልት ላይም በግማሽ ሰዓት ከጀመረ ጥፋቱ አቀማመጥ ላይ ነው፤ ማለትም ወንበሩ፣ መሪውና የእግር መርገጫው ከቁመትዎ ጋር አልተስማሙም። የሚያምዎ ጠጠሩ ላይ ብቻ ከሆነ አሞርዛተሩን (የመንገዱን ምት የሚውጠውን) እና ጎማውን ይጠርጥሩ። ሲወጡ፣ ሲወርዱና ሞተሩን በእግር ረግጠው ሲያስነሱ ከሆነ ችግሩ ከፍታው ነው። ሦስቱም ተደራርበው ሊሆን ይችላል፤ የእርስዎ ቁመትና ያ ረጅም ሞተር ሲታሰቡ አይገርምም።

ደብተሩ እስኪሞላ ድረስ ግን ነገ ጠዋት የሚሠሩት ሥራ አለ፤ ቦርሳውን ከጀርባዎ ያውርዱ። 8 ኪሎ ቦርሳ ቆመው ሲይዙት 8 ኪሎ ነው። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲመታ ግን ብዙ እጥፍ ሆኖ በትከሻዎ በኩል አከርካሪዎን ወደ ታች ይጫናል፤ ይህ ደግሞ በአንድ መንገድ መቶ ጊዜ ይደጋገማል። የክትባቱን ሣጥን ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ብረት ላይ፣ ወደ ወንበሩ አስጠግተው በሁለት ላስቲክ ይሰሩት። መድኃኒቱን በሁለት የጎን ቦርሳ እኩል ከፍለው ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ስላለበት በጭስ ማውጫው በኩል ባለው ቦርሳ ውስጥ እንዳያስገቡት። በቁመት የተከመረ ጭነትም አይሁን፤ እግር ለማሻገር ሲሉ በየጊዜው ወገብዎን ይጠመዝዛሉ።

ቀጥሎ የኋላው አሞርዛተር ነው። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ይሳሳታል። ሞተሮች የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰውና ጭነት ታስቦ ነው፤ 62 ኪሎ ሰው ብቻውን ሲቀመጥበት ሞላው ላይተኛ፣ ማለትም ተጨምቆ ዝቅ ላይል ይችላል። ሞላው ካልተኛ ትናንሿ ጠጠር ሁሉ በቀጥታ ወገብ ላይ ትደርሳለች። መለኪያው ቀላል ነው፤ አንድ ሜትርና ሁለት ረዳት ይበቃል። ሞተሩን አንስተው የኋላው ጎማ መሬት ሲለቅ ከጎማው ዘንግ እስከ ወንበሩ ሥር ያለ ምልክት ድረስ ይለኩ። ከዚያ ሞተሩን መሬት ላይ አውርደው፣ ጫማና ጃኬትዎን ለብሰው፣ የተለመደ ጭነትዎን ጭነው ይቀመጡና በዚያው ነጥብ እንደገና ይለካ። የሁለቱ ልዩነት ጎማው በሙሉ ከሚንቀሳቀስበት ርዝመት አንድ ሦስተኛ ገደማ መሆን አለበት። እንደ እርስዎ ያለው የገጠር ሞተር የኋላ ጎማው ከ16 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚንቀሳቀስ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር መተኛት ይጠበቅበታል፤ እንደ ቦክሰር ባለው ደግሞ ከ3 እስከ 4 ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ከተኛ በሞላው ላይ ያለውን ማስተካከያ ወደ ላላው በኩል ያዙሩት። ከበለጠ ያጥብቁት፤ አለዚያ ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ወርዶ ብረት ለብረት ይመታል፤ ያ ምት ደግሞ ለዲስክ የከፋው ነው። እስከ መጨረሻው ተላልቶም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚተኛ ከሆነ ሞላው ለክብደትዎ ከብዷል ማለት ነው፤ ማስተካከያው መነሻውን ያዛውራል እንጂ ሞላውን አያለሰልሰውም። አሞርዛተሩ ዘይት ካንጠባጠበ ወይም ኋላውን ተጭነው ሲለቁት ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ሞቷል፤ ይቀየር። ከፊት ያለው ደግሞ ዘይቱ በጊዜው መቀየር አለበት። ጋራዥ ውስጥ የተረፈ ወፍራም የሞተር ዘይት እንዳይሞሉብዎ፤ ከወፈረ አሞርዛተሩ ይደርቅና ምቱ በእጅ በኩል ወደ ትከሻ ይወጣል።

የጎማው ነፋስ ብዙ አያስቸግርም። ጎሚስታው በግምት እንዳይሞላው ብቻ ይጠንቀቁ። ልኩ የሰንሰለቱ መከላከያ ወይም የኋላው ክንድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፤ ጠዋት ጎማው ሳይግል ያስለኩት። እንደ ቦክሰር ላሉት ብቻዎን ሲሆኑ ከፊት 25፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ የተለመደ ነው። 40 ተሞልቶ የከተማችን ኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ሞተር መዶሻ ነው።

ወንበሩ ደግሞ ሰፊ ጉዳይ ነው። የቆየ ወንበር መሃሉ ስለሚሰምጥ ሰውን ወደ ታንኩ ያንሸራትታል። ሲንሸራተቱ ዳሌዎ ወደ ኋላ ይጠቀለልና ወገብዎ እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ የወጣ ዲስክን የሚገፋው ይኸው ነው። የመኪና ወንበር የሚሰፉ ሰዎች ዘንድ ወስደው የመኪና ወንበር ጠንካራ ስፖንጅ ያስገቡ። የፍራሽ ስፖንጅ ያለሰልሳል ብለው ቢያባብሉዎት እሺ አይበሉ፤ በሁለት ሳምንት ተጨፍልቆ ጣውላው ላይ ይቀመጣሉ። የሰመጠውን ክፍል አስቆርጠው በጠንካራው ይሞላ፣ ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ይደረብ። የወንበሩ ፊት ከኋላው ጋር ደልዳላ ይሁን፤ የመቀመጫ አጥንቶችዎ በሁለቱም በኩል የሚያርፉበት ስፋት ይኑረው። ለማሳጠር ብለው ግን ስፖንጁን አያስፍቁ፤ 3 ሴንቲ ሜትር ቁመት አግኝተው ምት መዋጫውን ያጣሉ። አጎዛ ማንጠፍ ጥሩ ነው፤ ጫናውን ያሰፋል፣ ላብም አያበዛም። ታስሮ ይጥበቅ እንጂ፤ የሚንሸራተት አጎዛ ፍሬን ሲይዙ አብሮ ወደ ፊት ይወስድዎታል።

መሪውን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም። መያዣዎቹን ብሎኖች አላልተው መሪውን ትንሽ ወደ እርስዎ ያዙሩት። ክርንዎ ትንሽ ታጥፎ፣ ደረትዎ ተከፍቶ፣ ጀርባዎ በጣም ትንሽ ብቻ ወደ ፊት አዘንብሎ ሲቀመጡ ልክ መጣ ማለት ነው። ፍጹም ቀጥ ብሎ መቀመጥም አይመከርም፤ ምቱ ሁሉ በአንድ መስመር ይወርዳል። በ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ብረት ካስገቡ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መሪውን እስከ ግራው ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ቀኙ ጫፍ ያዙሩት። ድምፁ ከፍ ካለ የነዳጅ መስጫው ገመድ እየተሳበ ነውና እንዲህ ሆኖ መንገድ አይውጡ። የፍሪሲዮኑን ገመድና የፊቱን ፍሬን መስመርም አብረው ይመልከቱ።

የትኛው ሞተር ይሻላል ላሉት፣ እኔን ከጠየቁኝ ስፖርት ቅርጽ ያለውን ከዝርዝሩ ያውጡት። መሪው ዝቅ፣ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ ያለ ስለሆነ ወገብን አጥፎ ያስቀምጣል፤ ለእርስዎ ዓይነት ዲስክ አይመችም። ስኩተር ጎማው ትንሽ ነው፣ ተነስቶም አይነዳበትም፤ በጠጠር የሚመላለስ ሰው አያስበው። የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው። ቦክሰርን የመሰለው ዝቅ ያለ ነው፣ ወንበሩ ረጅምና ደልዳላ ነው፣ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። ግን አሞርዛተሩ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ከአስፋልት ወጥተው ሲፈጥኑ ያስታውቃል። የገጠር ሞተር ጉድጓዱን ይውጣል፣ ተነስቶም ለመንዳት የተሠራ ነው፤ ወንበሩ ግን ይረዝማል፣ ይጠብባል። ለምሳሌ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ወንበሩ ከመሬት 84 ሴንቲ ሜትር ነው። ጫማ አድርገው ግድግዳ ተደግፈው፣ መጽሐፍ በእግርዎ መካከል ወደ ላይ ገፍተው እስከ መሬት ያለውን ያስለኩ። ሞተሩ ሲቀመጡበት ጥቂት እንደሚተኛ ታስቦም፣ ወንበሩ ከዚያ ልክ ከ6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር በላይ ከበለጠ በየመቆሚያው ወገብዎ ይጠመዘዛል። ግማሽ መንገድዎ ጠጠርና መረሬ ስለሆነ እኔ ወደ ገጠሩ ሞተር አደላለሁ፤ ያውም ዝቅ ወዳለው፣ በቁልፍ የሚነሳው። በእግር ረግጦ ማስነሳት በአንድ እግር ቆሞ ወገብን መጠምዘዝ ነው። እንዲያውም አሁን የያዙት ሞላው ከተስተካከለ ጥቂት ዝቅ ስለሚል አዲስ ላያስፈልግዎትም ይችላል።

አነዳዱ ላይ ጥቂት ልበል። ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲያዩ ቀድመው ፍሬን ይያዙና ከመድረስዎ በፊት ይልቀቁት፤ ፍሬን እንደያዙ ከገቡበት የፊቱ አሞርዛተር አስቀድሞ ስለተኛ የሚውጠው ቦታ የለውም። ጉልበትዎን ታንኩ ላይ አጣብቀው መቀመጫዎን 2 ጣት ያህል ብቻ ያንሱ፤ ምቱን ጭንዎ ይቀበለው። ጠጠር ሲረዝም መርገጫው ላይ ይቁሙ፣ ጉልበትዎ ታጥፎ፣ ወገብዎ ሳይሆን ዳሌዎ ላይ ጎንበስ ብለው። ኮብልስቶን ላይ በከፍተኛ ማርሽ አያስጨንቁት፤ የሚያቃስት ሞተር ሰውነትን ያነዝራል። ክረምት መረሬው ጎማ ሲይዝ ሞተሩን በወገብ ጉልበት አያውጡት። ወርደው፣ ጭነቱን አውርደው፣ በጭቃ መከላከያው ውስጥ የጠቀጠቀውን ጭቃ በእንጨት ጠርገው ሰው ይጥሩ። በየ30 ደቂቃው ወርደው ሦስት ደቂቃ ይራመዱ። ቦታው ሲደርሱም ወዲያው በሬ ለመጣል ወይም ሣጥን ለማንሳት አይጎንበሱ፤ ከንዝረት የወጣ ጡንቻ ደክሟል፣ አምስት ደቂቃ ስጡት። ዲስክ ሌሊት ውኃ ስለሚጠጣ ጠዋት ሞልቶ ይነሳል፤ ስለዚህ ከ12 ሰዓት በፊት የሚነሱ ከሆነ የመጀመሪያውን ሰዓት መጎንበስ ይቀንሱ፣ ሞተሩንም ማታ ጭነው ይደሩ። መቀነት ጠበቅ አድርጎ መታጠቅ ለአንዳንዱ ሰው ያሞቃል፣ ያግዛል፤ ይሞክሩት። እሱን ተማምነው ግን ርቀት አይጨምሩ።

እንግዲህ ወደ አለቃዎ። እስካሁን ከዘረዘርኩት ውስጥ ሞተሩ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ወንበሩን ማሰፋት፣ አሞርዛተር ማስቀየር፣ የጎን ቦርሳ ማስገጠም ያለ ፈቃድ አይሆንም። በየ30 ደቂቃው ማረፍም በድብቅ አይዘለቅም፤ አርፍደው ሲገቡ ሰነፍ ይባላሉ። ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ያለው በአነጋገሩ ነው። «አሞኛል» ብለው ከገቡ የሚታየው የታመመ ሠራተኛ ነው። የሐኪሙን ወረቀት ይዘው «ይህን ወንበር ላሰፋ፣ እነዚህን ሦስት ቀበሌዎች ደግሞ በአንድ ቀን አጣምሬ በሳምንት ከአምስት ቀን ሦስት ቀን ልውጣ፤ የክትባት ቁጥሬ አይቀንስም» ቢሉት ግን በእጁ የሚይዘው መፍትሔ ይሰጡታል። ሦስቱ ቀን ግን የሚደራረብ አይሁን፤ በመካከላቸው ወገብዎ የሚያርፍበት የቢሮ ቀን ይግባ። አስቀድመው አንድ የሚያምኑት የሥራ ባልደረባ ቢያማክሩስ? አለቃዎን ከእርስዎ ይልቅ የሚያውቅ ይኖራል።

ባለቤትዎ የተቆጡት ሞተሩን ጠልተው ይመስልዎታል? ማታ ወገብዎን ይዘው ሲገቡ የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ መንገድ ላይ የሚሆነውን ግን አያዩም፣ ስለዚህ የሚገምቱት የከፋውን ነው። ደብተሩን አብረው ይያዙት፤ ሜትሩንም ያኔ ሲለኩ እሳቸው ይያዙ። ዕቁቡን በተመለከተ አንድ ስምምነት ያቅርቡላቸው፦ ከወጣ በኋላ ስድስት ሳምንት አይነካም። በእነዚያ ሳምንታት ፊዚዮቴራፒው፣ ወንበሩና ሞላው ይሞከራል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያለ ዳይክሎፌናክ አንድ ሰዓት መንዳት ከቻሉና ንዝረቱ ከባት ወደ ላይ እየሰበሰበ ከመጣ፣ ሞተር መግዛት ያስፈልግ እንደሆነ ሁለታችሁ ደብተሩን ይዛችሁ ትወስናላችሁ። ካልተሻለዎት ደግሞ የቢሮ ወይም የክሊኒክ ምደባ የሚጠይቁበት ማስረጃ በእጅዎ አለ፤ ያ ገንዘብም ለሕክምናው ይሆናል።

የአሞርዛተሩን ሁለት ልኮች ካገኙ በኋላ ይጻፉልን፤ ላላው ወይም ጠበቀ የሚለውን አብረን እናየዋለን።